ጃርቱ አይናገርም

ቅዳሜ ጠዋት ዴሊያ ከፎቅ ስትወርድ አባቷ የእናቷን የመቀመጫ ትራስ ሲያጥብ አገኘችው። የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ቀዩን ትራስ በሳህን ማጠቢያው ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በሳህን ሳሙና እያሸ ነበር። እናቷ ሩት ለኮሌጁ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በሄደች ቁጥር ያንን ትራስ በብብቷ ይዛ ትሄድና በደረቁ የእንጨት መቀመጫ ላይ አድርጋ ትቀመጥበት ነበር። የካቲት ላይ ከሞተች ወዲህ ግን ትራሱ ጋራዥ ውስጥ፣ ከበረዶ ጎማዎቹ ክምር ላይ ከርሟል። ሎይድ ልጁን ዘወር ብሎ አያትና እጁን ሳያቆም "ሻግቶ ነበር" አላት። "እህ" አለች ዴሊያ። ትራሱን ጨመቀው፣ አራገፈው፣ ወደ ላይ ወጣና የሷን የፀጉር ማድረቂያ ሳይጠይቃት ይዞ ወረደ። ከዳቦ መጥበሻው አጠገብ ሰክቶ ትራሱ ላይ ያስነፋው ጀመር። የማድረቂያው ጩኸት ወጥ ቤቱን ሞላው። መነጋገር ስለማያስፈልግ ሁለቱም ትንሽ ቀለል ያላቸው ይመስሉ ነበር።

ቡናዋን ቀድታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ካፖርቶች የሚሰቀሉበት ቦታ ቆማ ጫማዋን ስታጠልቅ የአባቷ ስልክ ጠራ። ሎይድ ማድረቂያውን አላጠፋም፤ በማድረቂያው ጩኸት ላይ ጮኸበት እንጂ። "አዎ! ስምንት ሰዓት ላይ! … አይ፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ የዓመቱ ተከፍሎበታል! … ኧረ ማንም ምንም አይልሽም! … ትራስም አዘጋጅቼልሻለሁ!"

ከማን ጋር እንደሚነጋገር ዴሊያ ገባት። መድኃኒት ቤት ከምትሠራው ከኮኒ ጋር ነው። ከነሐሴ ጀምሮ አባቷ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ጢሙን ተላጭቶ ይወጣል፤ የት እንደሚሄድ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችውም። ሃስቤክ ግን ትንሽ ከተማ ናት፤ እዚህ ኔብራስካ ውስጥ እንዳሉት ትንንሽ ከተሞች ሁሉ፣ የማን መኪና የማን ደጅ እንደቆመ የማያውቅ የለም። ዴሊያ የጫማዋን ማሰሪያ በእጇ እንደያዘች ንዴቱን ጠበቀችው። አልመጣም። ከየካቲት ወዲህ ነገሩ ሁሉ እንደዚህ ነው፤ ብዙ ተቀምጠውበት የደነዘዘን እግር ሲነኩት እንደሚሰማው፣ መነካቱን ታውቃለች፣ ሕመሙ ግን የለም። ማድረቂያው ጸጥ ሲል አባቷ ብቅ አለ።

"ዛሬ የት ነሽ?"

"ቤተ መጻሕፍት እውላለሁ።"

"የመጀመሪያው ጨዋታ ዛሬ ነው። ያው አንቺ ኳስ አትወጂም።"

"አልወድም።"

"እንዳይበርድሽ ታዲያ" አለና ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ውጭ ሌሊቱን የጣለው በረዶ በመንገዱ ዳርና ዳር ተከምሯል። ሎይድ ራሱ ነው ጎሕ ሳይቀድ የአውራጃውን መጥረጊያ መኪና እየነዳ የጠረገው። ፊቱ ላይ እፎይታ አየችበት። ኮሌጁ ድረስ በእግሯ ሄደች።

ቤተ መጻሕፍት ያለችው ውሸት ነበር። በዚያ ቀን ዴሊያ የኮሌጁ ቡድን ጃርት ልትሆን ነው። ቡድኑ ጃርቶቹ ይባላል፤ በየጨዋታው አንድ ተማሪ የጃርት ልብስ ለብሶ፣ በርሜል የሚያህል ጭንቅላት ደፍቶ፣ እየጨፈረና እየቀለደ ሕዝቡን ያዝናናል። ልጅ አዋቂ ሳይል ሁሉም "ጋሽ ጃርት" ነው የሚለው። ቀድሞ ይለብሰው የነበረው ልጅ ተመርቆ ሲሄድ መስከረም ላይ ጂምናዚየሙ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዴሊያ ያየችው ከምግብ አዳራሹ ስትሸሽ ነው። እናቷ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለዓመታት ሾርባ ስትቀዳ ኖራለች፤ ስለዚህ ከሾርባው ጀርባ ያሉት ሴቶች ዴሊያን ባዩ ቁጥር አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው "እንዴት ሆናችሁ?" ይሏታል። ገበያ ስትሄድም የሒሳብ ተቀባይዋ አንገት ዘንበል ይላል፤ የፖስታ ቤቱም ሰውዬ እንደዚሁ። እንቁላል ተወደደ፣ ቅቤ አይቀመስም ይባልና መጨረሻው ወደዚያው ዘንበል ነው። ማስታወቂያው "ፊትህ አይታይም፣ ድምፅህ አይሰማም" ይል ነበር። ሁለቴ አነበበችው።

ለፈተናው የቀረቡት እሷና አንድ ሌላ ልጅ ብቻ ነበሩ። ልጁ በአየር ላይ ይገለበጣል፣ በእጁ ይሄዳል፣ ግን ዝም ማለት አልሆነለትም፤ ከጭንቅላቱ ውስጥ ሆኖ "አያችሁኝ?" ይላል። የጨፋሪዎቹ አሠልጣኝ ጃኔል፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ የማይጠፋ ድምፀ ሻካራ ሴት፣ ዴሊያን "የመኪና ቁልፍ የጠፋበት ጃርት ሁኚ" አለቻት። ዴሊያ ኪስ የሌለውን ሆዷን ዳበሰች። መቀመጫ ሥር አየች። የጃኔልን ጫማ አንስታ ከሥሩ አየች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም አለች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም። ጃኔል ሳቅ ይዟት ፊሽካዋን ነፋች። "አንቺ ልጅ፣ ዝምታሽ ያወራል እኮ!" አለቻት። ቀጥላም ሕጉን ነገረቻት፤ "አትናገሪም። ሰው ባለበት ጭንቅላቱን አታወልቂም። ማን እንደሆንሽ ለፍጡር አትነግሪም፣ ለእናትሽም ቢሆን።" እንዲህ ካለች በኋላ ጃኔል የማን ልጅ እንደሆነች ትዝ አላትና ፊቷ ደም ለበሰ። "ውይ፣ ምላሴን ይቁረጠው—"

"ግድ የለም" አለች ዴሊያ። "እሷማ ምስጢር ትጠብቃለች።"

ጃኔል መሳቅ ይኖርባት እንደሆነ ሳታውቅ ዞር አለች።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኳሶች በሚቀመጡበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጃኔል ከጀርባዋ ዚፑን እየጎተተችላት ነው። ልብሱ ከሷ በፊት የለበሱት ሰዎች ላብ፣ በላዩም ላይ የተረጨበት ናዕናዕ ይሸታል። እሾሆቹ ከስፖንጅ የተሠሩ ናቸው፤ ጫፍ ጫፋቸው ነጭ ተቀብቷል። ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ሲቀመጥ ዓለም ጠበበች። የሚታየው በጃርቱ አፍ በኩል፣ በጥቁር ወንፊት ጨርቅ ውስጥ ነው፤ ቁልቁል የራሷን ጫማ አታይም፣ ወደ ጎን ማን እንዳለ አታውቅም። የራሷ ትንፋሽ ብቻ እንደ ማሰሮ ውስጥ ያስተጋባል። እዚያ ውስጥ ደስ አላት ማለት አይቻልም። ግን ማንም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሊያያት አይችልም።

በሩ ሲከፈት ጩኸቱ እንደ ሙቅ አየር መታት። ከዚያ በኋላ ሰውነቷ የሚያደርገውን ከሩቅ ሆና እንደምታይ ነበረች። ጨፈረች። ከጨፋሪዎቹ ጋር ተሰልፋ እግሯን ስታነሳ ሆን ብላ ወደቀች፤ ተሳቀ። አንድ ሕፃን አቅፎ አልለቃትም፤ ሌላው ሆዷን በቡጢ መታና ሸሸ። ተማሪዎች ከኋላ እሾኋን ይጎትታሉ፤ "ጋሽ ጃርት፣ ክረምቱን የት ከረምክ? ወፍረሃል!" ይሏታል። እሷ ሆዷን ትደብቃለች፣ ይሳቃል። የተቃራኒውን ቡድን ደጋፊ አዛውንት ፈንዲሻ ነጥቃ ለሚስታቸው ሰጠች፤ ሰውዬው "በአራት ዶላር የገዛሁትን! ዘንድሮ ፈንዲሻም እንደ ወርቅ ነው፣ አምጣ አንተ ሌባ!" እያሉ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ልብሱ ውስጥ የዴሊያ ላብ ከአንገቷ ወደ ጀርባዋ ይወርዳል። ይሄ ሁሉ ሕዝብ እየሳቀ ያለው በእሷ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሳቁ ግን ከስፖንጁ አልፎ አይገባም።

ሁለተኛው ሩብ ላይ ጨዋታው ለዕረፍት ሲቆም ጃኔል ክርኗን ይዛ ወደ ምሥራቁ መቀመጫ መራቻት። ዴሊያ የት እንደምትሄድ ታውቃለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ወላጆቿ የሚቀመጡት እዚያ ነው። በወንፊቱ ውስጥ በመጀመሪያ ያየችው ቀዩን ትራስ ነው፤ ከዚያ በላዩ ላይ የተቀመጠችውን ሴት። ኮኒ ነጭ ሹራብ ለብሳለች፤ ሁለት ጉልበቶቿን ገጥማ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጣለች። ሎይድ ከአጠገቧ ቆሞ እጁን አወናጨፈ።

"አንተ ጃርት! ና ወዲህ! ና እስቲ ከኛ ጋር ፎቶ ተነሳ!"

ዴሊያ ደረጃውን ወጣች። ኮኒ ለፎቶው ብድግ ስትል ወንበሩ ባዶ ሆነ። ዴሊያ ያሰበችው ነገር አልነበረም፤ ጉልበቷ ታጠፈና በትራሱ ላይ ቁጭ አለች።

ሕዝቡ ፈነዳ። ኮኒ እየሳቀች እጇን ዘረጋች፣ ተነሳ እንደማለት። ጃርቱ አልተነሳም። እጆቹን ሆዱ ላይ አጣምሮ ወደ ሜዳው ያያል። ከላይ ያሉት ተማሪዎች "አይነሳም! አይነሳም!" እያሉ በእግራቸው መቀመጫውን ይደበድቡት ጀመር። ሎይድ ራሱ እየሳቀ የጃርቱን ትከሻ ነቀነቀ። "ወንድሜ፣ ይሄ ወንበር የሰው ነው፤ ተነሳ በል።" አልተነሳም። ሳቁ ቀጠለ፤ ኮኒ ግን መሳቋን አቆመች። ሰው ሁሉ በሚያያት ቦታ፣ ደረጃው ላይ፣ ቦርሳዋን ይዛ መቀመጫ አጥታ ቆማለች። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ በጃርቱ ጭንቅላት ላይ አሻግራ ለሎይድ ተናገረች። ሰው እንደማይሰማቸው ነበር የሚነጋገሩት፤ በመሀላቸው ያለው ጃርት ለነሱ እንደ ዕቃ ነው።

"ነግሬህ ነበር እኮ ሎይድ። ከኋላ እንቀመጥ ብዬህ ነበር።"

"ቀልዱን ነው፣ ምን አስጨነቀሽ?"

"እሱስ ቀልዱን ነው። እኔ ግን ከገባሁ ጀምሮ እሾህ ላይ ነው ያለሁት። ከኋላችን ያሉት ሴትዮ የእግዜር ሰላምታ ነፈጉኝ። ልጅህስ ብትሰማ?"

"ልጄ ኳስ አትወድም።"

"እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።"

ሎይድ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ በባዶው የጃርት ጭንቅላት ውስጥ አስተጋባ። "ምን ብዬ ልንገራት? ከሷ ጋር ማውራት አላውቅበትም። በኔና በሷ መሀል አስተርጓሚያችን ሩት ነበረች። አስተርጓሚዋ ሄደች፣ እኛ ቀረን። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ቋንቋ እንደማይግባቡ ሁለት ሰዎች ነን።" ትንፋሹን ሳበ። "ይሄንን ወንበር ደግሞ ባዶውን አጠገቤ አድርጌ ዓመቱን ሙሉ መቀመጥ አልቻልኩም፤ በቃ ይሄው ነው። ክፋት የለኝም።"

ኮኒ "ለኔ ሳይሆን ለሷ ነበር እንዲህ ማለት ያለብህ" አለችው።

ደወሉ ተደወለ፤ ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ ተመለሱ። ጃኔል ከደረጃው ሥር ሆና እጇን እያወዛወዘች ትጠራለች። ዴሊያ ተነሳች። ትራሱን በትልቁ መዳፏ ጠረገችው፣ አቃናችው፣ ለኮኒ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና እንድትቀመጥ አሳየቻት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ኮኒ ፊቷ ቀልቶ ተቀመጠች። ዴሊያ ልትሄድ ስትዞር አባቷ ሁለት እጁን ዘርግቶ አቀፋት። አጥብቆ ነበር ያቀፋት፤ የሸሚዙ ቁልፍ በወንፊቱ ላይ ተጫነ፣ የሳህን ሳሙናው ሽታ ከእጁ መጣባት። "ጎሽ የኔ ጀግና" አለ በጃርቱ አፍ ውስጥ። "ውስጡ ይሞቃል አይደል? አይዞህ።"

በቀብሩ ቀን ያላቀፋት ሰው አልነበረም። ሾርባ ቀጂዎቹ፣ ቄሱ፣ የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ አቅፈዋታል። አባቷ ግን ከሳጥኑ ማዶ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ሲያዞር ነበር። አሁን በስፖንጅ ውስጥ ሆና እጆቿ ሳይነሱ፣ ሳያቅፉትም ሳይገፉትም፣ ተንጠልጥለው ቀሩ። ጃኔል መጥታ ክርኗን እስክትይዝ ድረስ እንደዚያው ቆመች። የቀረውን ጨዋታ አታስታውሰውም። ጨፍራለች፣ ወድቃለች፣ ሕፃናት አቅፋለች። ጃርቶቹ ተሸነፉ። ጃኔል ጭንቅላቱን ስታወልቅላት "ያ የወንበሩ ነገር! ከየት አመጣሽው? ሰው እኮ በሳቅ ሊሞት ነበር!" አለቻት። ዴሊያ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ፣ ውሃዋን እየጠጣች፣ "እንጃ" አለች።

ቤት ስትደርስ ገና አልጨለመም። ታጥባ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ መጽሐፍ ከፍታ ተቀመጠች። አባቷ ከጫማው በረዶ እያራገፈ ገባ። ምን ስትሠሪ ዋልሽ አላት፤ ምንም አለችው። ከማቀዝቀዣው ትናንት የተሠራውን ቺሊ አወጣ፤ ባቄላና ሥጋውን ድስቱ ውስጥ ገልብጦ ምድጃ ላይ ጣደው። እዚያ አገር ከቺሊ ጋር የሚበሉትን የቀረፋ ዳቦዎችም ከከረጢታቸው አወጣና ሳህን ላይ ደረደራቸው። ከዚያ ጀርባውን እንደሰጣት ሳቅ አለ።

"ዛሬ ያ ጃርት…" አለና ቆመ። ታሪኩን ለመጨረስ ኮኒን መጥራት እንዳለበት አሁን ገና የታወሰው ይመስል ነበር። "ተዪው፣ እንዲያው ነው። ተሸነፍን።"

"ጃርቱ የኮኒ ወንበር ላይ ቁጭ አለ" አለች ዴሊያ።

ሎይድ ዞረ። "ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ጃርቱ እኔ ነኝ።"

ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። "ጃርቱ ረጅም ነው እኮ" አለ።

"ጭንቅላቱ ነው።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። ምድጃውን አጠፋ። ከፊት ለፊቷ ያለውን ወንበር ስቦ ሊቀመጥ አለና ቀረ፤ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

"ያልኩትን ሰምተሻል ማለት ነው።"

"ሁሉንም።"

"ጃርቱ አይናገርም የሚል ሕግ አላቸው ይባል ነበር።"

"አለ። አሁን ጣስኩት።"

ሎይድ አሁንም ቆሟል። "ስለ አስተርጓሚ ያልኩት…" ብሎ ጀመረ፤ ዴሊያ "እውነት ነው" አለችና ቆረጠችው። መጽሐፉን ከደነችው። ልትቆጣው አልፈለገችም፤ ብትፈልግም ቁጣው ከየት እንደሚመጣ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ነበር፣ እሱን ነገረችው።

"ከዚያ ወንበር ላይ ምንም አይታይም፣ አባዬ። ዛሬ ተቀምጬ አየሁት። ምሰሶው የወዲያኛውን ቅርጫት ይጋርደዋል። ግማሽ ጨዋታ ነው የሚታየው።"

"ከኔ ወንበር ሁሉም ይታያል" አለ ሎይድ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

"እማዬ ሁልጊዜ እዚያኛው ላይ ነበር የምትቀመጠው?"

"ከተጋባን ጀምሮ። አንድ ቀን እንኳ እንቀያየር ብላኝ አታውቅም።" የወንበሩን መደገፊያ በአውራ ጣቱ አሸ። "ኳስ በተወረወረ ቁጥር ክንዴን ትይዘኝ ነበር። 'ገባ? ገባ?' ትለኛለች። ወሬ ወዳድነቷ ነበር የሚመስለኝ።"

"አንተስ? ጠይቀሃት ታውቃለህ?"

ሎይድ መጀመሪያ ወንበሩን ለቀቀ፤ ከዚያ ተቀመጠ። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው። አላለቀሰም፤ ፊቱ ብቻ ቀስ እያለ ወረደ፣ እንደሚናድ በረዶ። ዴሊያ ይህን ፊት በቀብሩ ቀን ስትፈልገው ነበር። አሁን ስታየው ምን ልታደርግ እንደሚገባት አላወቀችም፤ ተነስታ ልታቅፈው አሰበች፣ ሰውነቷ አልተነሳም። አብራው ተቀመጠች። ውጭ አንድ መኪና በረዶውን እየሰበረ አለፈ።

"ኮኒ ትምጣ" አለች በኋላ። "ግን የእማዬ ወንበር ላይ አንተ ተቀመጥ። እሷን ያንተ ላይ አስቀምጣት።"

"እሺ" አለ።

"የእማዬን ወንበር ማንም አይንካው ለማለት ብዬ አይደለም።"

"አውቃለሁ። እሺ አልኩሽ እኮ።"

ሎይድ ተነስቶ ምድጃውን እንደገና አቀጣጠለው፤ ጀርባው ለሷ ነበር፣ ትከሻው አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ቺሊው መፍላት ጀመረ፤ የባቄላው፣ የበርበሬው፣ የቀረፋው ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው። ዴሊያ ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲጎተት ተሰማት፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

"ራበኝ" አለች።

ሎይድ ቶሎ ዞሮ አያት። ባለፉት ወራት ሳህኗን ከነምግቡ ሲያነሳ፣ ውሻ እንኳ በሌለበት ቤት ምግብ ሲደፋ ነው የከረመው። ጎድጓዳ ሳህን አውጥቶ እስከ አፉ ሞላላት፤ በላዩም ላይ ጨመረበት፤ ጠረጴዛው ላይ እስኪፈስ። ዳቦውን በእጁ ቆርሶ አስጠጋላት። እሷ አፏ እየተቃጠለ፣ ሳታስበርድ፣ ቀና ሳትል በላች። እሱ ጭልፋውን እንደያዘ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ የቀረፋ ዳቦው ፍርፋሪ አገጯ ላይ ሲንጠለጠል፣ በእጅጌዋ ስትጠርገው፣ ሲያያት። ስትጨርስ ቀና ሳትል ሳህኑን ዘረጋችለት።